ካልሞላ አንሄድም

በዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ የሎጂስቲክስ ተማሪ ሳለሁ በጥናቴ ተሸለምሁ። የጣና ጀልባዎች ተሳፋሪን በአማካይ አሥር ደቂቃ ብቻ እንደሚያስጠብቁ ያረጋገጥሁ እኔ ነኝ። ሳይንስ ነው እንግዲህ፤ ያውም በመጠይቅ!

ሽልማቱ የሚሰጠው ከሐይቁ ማዶ ዘጌ ነበር። ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ አዲስ ከረባት አስሬ፣ በጥናቴ ተማምኜ ለጥበቃ አሥር ደቂቃ ብቻ መድቤ ወደቡ ደረስሁ። ጀልባዋ ላይ ከአንድ ኩንታል ጤፍ በቀር ማንም ተሳፋሪ የለም።

«መቼ ነው የምንነሳው?» አልኋቸው ባለጀልባውን።

«ስትሞላ።»

ግማሽ ሰዓት አለፈ፤ አንዲት እናት ዶሮ ታቅፈው ገቡ። ሌላ ግማሽ ሰዓት አለፈ፤ ዶሮዋ ከረባቴን መንቆር ጀመረች።

«ጋሼ፣ በጥናት የተረጋገጠው እኮ አሥር ደቂቃ ነው!» አልሁ ተናድጄ።

ትክ ብለው አዩኝ። «አንተ! ያ የመጠይቁ ልጅ አይደለህም?»

«ነኝ» አልሁ ኮራ ብዬ።

«ያን ቀን ወረቀቱን ካልሞሉልኝ ብለህ ስትይዘኝ ጀልባዬ ሞልታ ነበር። አሥር ደቂቃ ብዬ የሞላሁልህ ቶሎ እንድትለቀኝ ነው። ሌሎቹ ባለጀልባዎችም ከእኔ ነው የገለበጡት። በል ዛሬ ደግሞ የእኔዋ እስክትሞላ ጠብቅ!»

ዘጌ ስደርስ ተሸላሚዎቹ ፎቶ ተነስተው ጨርሰዋል። የዳኞቹ ሰብሳቢ የእኔኑ ጥናት በእጃቸው ይዘው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ጀልባ የሚያስጠብቀው አሥር ደቂቃ ብቻ መሆኑን አንተው ራስህ አረጋግጠሃል» አሉኝ። «ታዲያ ሁለት ሰዓት ሙሉ የት ነበርህ?»