በሚካኤል ዕለት የተከፈተው ኮምፒውተር

በዘጠናዎቹ መጨረሻ ገደማ ፍኖተ ሰላም በሚገኝ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ከሥራዬ ጎን ለጎን ባሕር ዳር እየተመላለስኩ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን እከታተል ስለነበር፣ የመመረቂያ ጽሑፌን የማዘጋጀው ቤቴ ባለው ኮምፒውተር ነበር። ኮምፒውተሩን የገዛሁት አዲስ አበባ ከሚኖር ዘመድ ነው፤ ሲደርሰኝም አርጅቶ ነበር። ምዕራፎቹ እየረዘሙ፣ ሠንጠረዦቹ እየበዙ ሲሄዱ መድከሙ በግልጽ ታየ። ፋይሉን ከፍቼ ወደ አራተኛው ምዕራፍ ስወርድ የማውሱ ቀስት ባለበት ይደርቃል፤ አጥፍቶ እንደገና ከማስነሣት በቀር መፍትሔ አልነበረውም።

ችግሩ የሜሞሪ ማነስ መሆኑን መለየት አልከበደኝም። ማሽኑ ውስጥ የነበረችው አንዲት ቀጭን የሜሞሪ ካርድ ብቻ ስትሆን፣ ከጎኗ ያለው ማስገቢያ ከመጀመሪያው ጀምሮ ባዶ ነበር። አንድ ባልደረባዬ ሁለተኛዋን ከባሕር ዳር ገዝቶ አመጣልኝ። ዓርብ ከሥራ መልስ የማሽኑን ክዳን ፈትቼ ካርዷን በባዶው ማስገቢያ ሰካኋት፤ ክዳኑንም መልሼ አሰርኩ። ልሞክረው ስል መብራት ጠፋ።

መብራቱ የተመለሰው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ማብሪያውን ስጫነው ስክሪኑ እንደ ጠቆረ ቀረ፤ ማሽኑም ረጃጅም ድምፅ እያሰማ ይጮህ ጀመር። ጽሑፉ ሰኞ ከቀትር በፊት ባሕር ዳር መግባት ነበረበት፤ ካለፈ ምረቃው በዓመት ይገፋል። የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ቅጂ በእጄ ነበር። አራተኛው ግን በየቀኑ ይለወጥ ስለነበር የሚገኘው እዚያው ማሽን ውስጥ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለው ጩኸት የሜሞሪ ችግር መኖሩን ያመለክታል። ማድረግ የሚገባኝ ክዳኑን ፈትቶ አዲሷን መንቀልና ማሽኑን በአሮጌዋ ብቻ ማስነሣት ነበር። ብሎን መፍቻውን ሳነሣ እናቴ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል።

«ዛሬ ምን ቀን ነው?» አሉኝ።

«ቅዳሜ ነው፣ እማ።»

«ቅዳሜስ ቅዳሜ ነው። በዚያ ላይ ሚካኤል ነው።»

እናቴ ከማንኩሳ የመጡት ለዓይናቸው ሕክምና ሲሆን፣ እኔ ዘንድ ከሰነበቱ ሁለት ሳምንት ያህል ሆኗቸው ነበር። ወሩ ጥቅምት ነው፤ ጤፋቸው አፍርቶ ገና አልታጨደም። በእነርሱ አገር በዓል ሲሻር በረዶ ይወርዳል ተብሎ ይታመናል፤ ሽሮ የተገኘውንም ሰው ጎረቤት ተሰብስቦ ይቀጣዋል። ብሎን መፍታት በእናቴ ዓይን ሞፈር ከመጥረብ አይለይም። እኔ አላምንበትም ነበር። በረዶ ቢወርድ የሚጎዳው ማሳ የእኔ ስላልሆነ ግን፣ ነገሩ ለእኔ ቀላል፣ ለእርሳቸው ከባድ ነበር።

«እስከ ሰኞ ይቆይ» አሉ።

«ሰኞ ጠዋት ባሕር ዳር መድረስ አለበት። ነገም እሑድ ነው።»

«እሱንማ አውቃለሁ።»

ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታችን የሚካኤልን ጸበል ጻዲቅ ሊባርኩ መጡ። እናቴ ዳቦው ሳይቆረስ ጉዳዩን አቀረቡላቸው።

«አባ፣ ይህ ሳጥን ይጮኻል፤ ልጄ ልፍታው ትላለች። እንዴት ይሆናል?»

«ምን ብሎ ነው የሚጮኸው?» አሉ አባ። አስነሣሁላቸው፤ ጥቂት አደመጡ። «ከእኛ ዲያቆን ድምፅ ይሻላል» አሉና ወደ እኔ ዞሩ፤ «ሥራው ለማን ነው?»

«ለትምህርቴ ነው፣ አባ።»

«ዲግሪውን የምትወስደው ራሷ ናት» አሉ እናቴ።

«እንዲያ ነው። በገዛ ቤት፣ ለገዛ ጥቅም ሲሠራ በዓል ይሻራል። በመንግሥት ቤት ሲሆን ግን ምን ይደረጋል፤ መንግሥት ሚካኤልንም ቅዳሜንም አያውቅ።»

እናቴ፣ ሚካኤል በሥራ ቀን ሲውል እንደማስተምር ያውቃሉ፤ በዚያ ተቆጥተውኝ አያውቁም።

«እንግዲያ ከማያውቀው ዘንድ ወስዳ ትፍታው» አሉ።

አባ ሳቁ፤ አልፈቀዱም፣ አልከለከሉም። ዳቦውን ባረኩ።

ጋሪ አስጠራሁ። እኔ ማሽኑን ያዝኩ፤ እናቴ ስክሪኑን በጋቢያቸው ጠቅልለው ያዙ። ሸክም በዓል ይሽር እንደሆነ ስጠይቃቸው «አልተሸከምኩም፤ እንደ ሕፃን አቅፌዋለሁ» አሉኝ። ባለ ጋሪው ዞር ብሎ አየንና «እማማ፣ ቴሌቪዥኑን ለሚካኤል ስለት ሊያስገቡት ነው?» አላቸው።

«አንተ መጀመሪያ ፈረስህን አስገባ፤ እኔ እከተልሃለሁ» አሉት።

የትምህርት ቤቱ ጥበቃ የመምህራኑን ክፍል ከፈተልን። እናቴ ወንበር ወደ መስኮቱ አስጠግተው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀመጡ። ክዳኑን ፈታሁ። አዲሷን ነቅዬ በአሮጌዋ ብቻ ስሞክር ጩኸቱ ቆመ፤ ስክሪኑም በራ። ፋይሉ እንዳለ ነበር። ነገር ግን አራተኛው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ቀስቱ እንደ ቀድሞው ደረቀ። ገና ያልተሞሉ ሠንጠረዦች ስለነበሩኝ አዲሷ ካርድ የግድ ታስፈልገኝ ነበር።

የቀረው ጥያቄ ጥፋቱ የካርዷ ነው ወይስ የማስገቢያው የሚል ነው። አሮጌዋን ነቅዬ አዲሷን በእርሷ ቦታ ሰካሁ፤ ማሽኑ ሳይጮኽ ተነሣ። ስለዚህ ካርዷ ደህና ናት። የመብራት ገመዱን ነቅዬ ባዶውን ማስገቢያ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞርኩት። ከሥሩ ደረቅ የጭቃ ብናኝና አንድ ቁራጭ ጭድ ነበር። ቤቴ በጭቃ የተመረገ ነው፤ ማሽኑም ለዓመታት ከግድግዳው ተጠግቶ ስለተቀመጠ ከምርጊቱ የረገፈው በጀርባው ቀዳዳ ገብቷል።

ጭዱን በወረንጦ አውጥቼ ወረቀት ላይ ሳስቀምጠው እናቴ ዞሩ። ወረቀቱን አንሥተው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«የጤፍ ነው» አሉ። «ቤትሽ ሲመረግ ጭዱን የላክነው እኛ ነን።»

«ይሆናል፣ እማ።»

«ይሆናል አይደለም፤ ነው። የዚህ አገሩማ ወፍራም ነው።»

ማስገቢያውን በደረቅ የቀለም ብሩሽ ጠረግኩ፤ ሁለቱንም ካርዶች በየቦታቸው ሰክቼ አስነሣሁ። አራተኛውን ምዕራፍ ከላይ እስከ ታች ደጋግሜ ተመላለስኩበት፤ ቀስቱ አልደረቀም። ሠንጠረዦቹን ያን ዕለት ከሰዓት በኋላና እሑድ ከቅዳሴ መልስ እዚያው ተቀምጬ ሞላሁ፤ ፋይሉንም በዲስክ ቀዳሁ። ሰኞ በማለዳ አውቶቡስ ተሳፈርኩ፤ ባሕር ዳር አሳትሜ ከቀትር በፊት አስረከብኩ። ተቀባዩ ገጾቹን ሳይገልጥ ፈረመልኝ።

ስመለስ እናቴ ደጅ ተቀምጠው ጠበቁኝ።

«ገባልሽ?»

«ገባ፣ እማ።»

«ተመስገን።»

በማግሥቱ ኮምፒውተሩን ለማምጣት ጋሪ ልጥራ ስላቸው ግን አልተቀበሉኝም።

«ምን ያጣድፍሻል» አሉ፤ «ዳግም ቢጮኽስ? ሚካኤል እንደሆነ በየወሩ ነው።»

ማሽኑ እርሳቸው ወደ ማንኩሳ እስኪመለሱ ድረስ በመምህራኑ ክፍል ቆየ።