ቅዳሴ ያህል የተቀመጠ ሊጥ

እናቴ የሞተች ጊዜ ዳቦ መጋገር አላውቅም ነበር። የብዙ ወንድ ልጅ ታሪክ ስለሆነ አላፍርበትም፤ ግን ይገርመኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ዳቦ ስበላ ዳቦው እንዴት ዳቦ እንደሚሆን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ሥራዬ ደግሞ መጠየቅ ነው። ደባርቅ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ተማሪ መልሱን ብቻ ጽፎ ሲያመጣልኝ "መንገዱስ?" ብዬ የምመልስ ሰው ነኝ።

ሙት ዓመቷ ታኅሣሥ ውስጥ ነበር። ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀረው እህቴ ከጎጃም ደወለችልኝ። ፈተና ስላለብን መምጣት እንደማልችል ነገርኳት። "እንግዲያው እዚያው ካለህበት ቤተ ክርስቲያን አንድ ዳቦ አውጣላት" አለችኝ። ቀላል መሰለኝ። አስፋልቱ ዳር ካሉት ዳቦ ቤቶች ባንዱ ትልቅ ዳቦ አዝዤ እገላገላለሁ ብዬ አስቤ ስልኩን ሳልዘጋው እናቴ ትዝ አለችኝ። ለቤተ ክርስቲያን የሱቅ ዳቦ ይዞ የሚሄድ ሰው ስታይ ፊቷ ይለወጥ ነበር። "ለነፍስ የሚወጣ ከቤት ይወጣል" ትል ነበር። ስለሷ ነፍስ የሚወጣውን ዳቦ ከሱቅ ልገዛ? አንጀቴ እምቢ አለኝ። ራሴ እጋግረዋለሁ ብዬ ለእህቴ ነገርኳት፤ እሷም ሳቋን ለመደበቅ አልደከመችም።

የመጀመሪያውን ሙከራ ያደረግሁት በስልኬ እየተመራሁ ነው። የትምህርት ቤታችን መምህራን ስለ ምግብ አሠራር የሚጻጻፉበት የቴሌግራም ግሩፕ አለን፤ ከዚያ ላይ አንድ ቪዲዮ አገኘሁ። ሴትዮዋ ሊጡን ሸፈን አድርጋ "ሞቅ ያለ ቦታ ሠላሳ ደቂቃ እናስቀምጠዋለን" ትላለች። በኅዳር መጨረሻ ደባርቅ ውስጥ ሞቅ ያለ ቦታ ያለው ብርድ ልብስ ውስጥ ብቻ ነው፤ እሱንም እኔ ይዤዋለሁ። ሠላሳ ደቂቃ ጠበቅሁ፤ ከዚያ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ሁለት። ሊጡ ሳያጠና ጥያቄ እንደተጠየቀ ተማሪ ዝም ብሎ አየኝ። እንደዚያው ጋገርኩትና ሦስት ቀን ሙሉ ሻይ ውስጥ እየነከርኩ ጨረስኩት።

ፎቶውን ግሩፑ ላይ ስለጥፈው ምክር እንደ ሐምሌ ዝናብ ወረደብኝ። ዳባት ተወልዳ ያደገች የሥራ ባልደረባዬ "ዱቄቱን መጀመሪያ ፀሐይ አሙቀው፤ ዱቄትም ይበርደዋል" አለችኝ። ሌላዋ ውሃው ለብ ያለ ይሁን፣ ክንድህን ካቃጠለህ ግን እርሾውን ገድለኸዋል አለች። የባዮሎጂው መምህር ነገሩ ሁሉ ከከፍታ ጋር የተያያዘ ነው ብሎ ረጅም ነገር ጻፈ፤ እሱ ራሱ እንጀራ የሚገዛ ሰው ነው። ዛሪማ ያስተማረች ሴት ደግሞ "ቆላ ብታወርደው ሳትከድነው ይገነፍል ነበር" ብላ አሾፈችብኝ። አንዱ ወዳጄ ዳቦ ከምትማር ሚስት ብትፈልግ አይቀልህም ወይ ሲለኝ፣ ያለኝ ሦስት ሳምንት ብቻ ነው ብዬ መለስኩለት።

ምክሩን ሁሉ ደብተር ላይ አሰፈርኩ። የገረመኝ ነገር፣ ያን ሁሉ ሰው ጠይቄ አንድ ቁጥር ያለበት መልስ አላገኘሁም። ዱቄቱ "የሚበቃውን ያህል" ነው፤ ውሃው "እስኪቀበል" ነው፤ ጨው "ለአመል" ነው። ሰው እንዴት በዚህ ተግባብቶ ይበላል? ተናደድኩም፣ ጉጉትም ያዘኝ።

መጀመሪያ መሄድ የነበረብኝ ወዴት እንደነበር የገባኝ በመጨረሻ ነው። የቤቴ አከራይ የቄስ ባለቤት ናቸው። ከእኔ ክፍል እሳቸው ማእድ ቤት አሥር እርምጃ አይሞላም። የሰንበቴ ተራ ሲደርሳቸው የሚጋግሩት ዳቦ ሽታው እስከ መንገድ ይደርሳል፤ እኔ ግን ቴሌግራም ላይ ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም ከርሜአለሁ። ደብተሬን ይዤ በራቸው ላይ ቆምኩ። እሳቸው ዱቄት ይነፋሉ።

"እማማ፣ ሊጡ ስንት ሰዓት ነው የሚቀመጠው?"

"ቅዳሴ ሲገባ አቡካው፤ ቅዳሴ ሲወጣ እሳት ላይ ታደርገዋለህ።"

"ስንት ሰዓት ማለት ነው?"

"ቅዳሴ ያህል ነዋ።"

"ጨውስ?"

"እጅህ ያውቀዋል።"

"የእኔ እጅ አያውቅም።"

"እንግዲያውስ ይማር" አሉኝና ወደ ወንፊታቸው ተመለሱ።

ቅዳሴ እንኳ ይለካል ብዬ ደስ አለኝ። እሑድ ከደወል በፊት ተነሣሁ። ደጅ ያደረው የጀሪካን ውሃ እጅ ይቆርጣል። አሙቄ ለብ አደረግሁትና አቦካሁ፤ ከድኜ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጥኩ። ይቅር ይበለኝ፣ ያን ቀን ካህናቱ ስለ ሕዝቡ ሲጸልዩ እኔ ስለ ሊጤ እጸልይ ነበር። ቅዳሴው ሲያልቅ ሰላም የሚሉኝን ሰዎች እያለፍኩ ቤቴ ገባሁ። ክዳኑን ብገልጠው ሊጡ እንዳስቀመጥኩት ነው።

በትዕግሥቴ አልታማም፤ ትዕግሥት የለኝምና። በቀጥታ ወደ አከራዬ ሄድኩ።

"እማማ፣ እንዳሉኝ ቅዳሴ ሲገባ አቡክቼ ሲወጣ ገለጥኩት። ንቅንቅ አላለም።"

"የትኛው ቅዳሴ ሲገባ?"

"የዛሬው ነዋ።"

እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀመጡና በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። "ጾም አይደለም እንዴ፣ ልጄ? እኔ ያልኩህ የጾሙን፣ በቀትር የሚገባውን ነው። የሰንበቱማ ብርዱ ሳይለቅ ይገባል፣ ብርዱ ሳይለቅ ይወጣል። ሊጥ እሱን ምን ያውቀዋል?"

እኔ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው በእሑድ ነው። ለእኔ ቅዳሴ ማለት በጠዋት ገብቶ ቁርስ ሰዓት ላይ የሚወጣው ነው፤ ሌላ አላውቅም። እሳቸው ግን ቄሱ ባላቸው በጾም ወራት በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ቅዳሴ እየገቡ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚወጡባቸው ሴት ናቸው። ሁለታችንም ቅዳሴ ብለን ሌላ ሌላ ነገር ስናወራ ከርመናል። የደነቀኝ ደግሞ የሁለቱ ርዝመት ብዙም አለመለያየቱ ነው። እኔ የሰዓቱን ብዛት ስጠይቅ፣ እሳቸው ይነግሩኝ የነበረው ፀሐይ የማእድ ቤታቸውን ግድግዳ የምትመታበትን ጊዜ ነበር። የዳባቷ ልጅ ዱቄትም ይበርደዋል ያለችው፣ የዛሪማዋ ያሾፈችብኝ፣ ሁሉም አንድ ነገር ነበር። በማግስቱ ክፍል ገብቼ፣ ጥያቄውን ሳይረዱ መቁጠር መጀመር ምን እንደሚያመጣ ለተማሪዎቼ በዳቦ አስረዳኋቸው። በጣም ሳቁብኝ፤ እኔም አልተቀየምኩም።

ሙት ዓመቷ ሐሙስ ላይ ዋለ። ረቡዕ ከጠዋት ፈረቃ ስመለስ ዱቄቱ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ጠበቀኝ፤ አከራዬ አስጥተውልኝ ነው። ቄሱ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው በግቢው በር ሲወጡ እጄን ዱቄቱ ውስጥ ከተትኩ። ቡሃቃውን በጋቢዬ ጠቅልዬ ግድግዳው ሥር አስቀመጥኩት። ከዚያ ሥራ ፈት ሆኜ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ሁለት ጊዜ ገልጬ ሳየው አከራዬ ተቆጡኝ። ቄሱ ሲመለሱ ሊጡ ኩፍ ብሎ ክዳኑን ከፍ አድርጎታል። እህቴ በኮባ ጠቅልለው ብላኝ ነበር፤ ደጋ ላይ ኮባ ከየት ይመጣል፣ በጎመን ቅጠል ጠቀለልነው። ከላይም ከታችም እሳት አድርገን ጋገርነው። ሲወጣ ባንድ በኩል ትንሽ አሮ ነበር፤ ግን ዳቦ ነበር። እናቴ አይታው ቢሆን ምን ትል እንደነበር ማሰብ ጀመርኩና አለቀስኩ። አከራዬ ያረረውን በቢላ ይፍቁ ጀመር።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ቅዳሴ እንደወጣ፣ ዳቦውን ይዤ ደጀ ሰላም ገባሁ። ሕዝቡ ከማታ ጀምሮ ያልቀመሰ ነው፤ ክብ ሠርቶ ቆመ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ወደ ዳቦው ቀረቡና "ስሟን ማን ልበል?" አሉኝ። የእናቴን ስም ነገርኳቸው።

"እሱ የዓለም ስሟ ነው። ስመ ክርስትናዋን።"

አላውቀውም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዱቄት ይበርደዋል ወይ ብዬ ሰው ሳስቸግር የከረምኩ ሰው፣ የእናቴን የክርስትና ስም አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። "አባ፣ ይታገሡኝ" ብዬ ከቅጥሩ ወጣሁ። ያን ያህል አፍሬ አላውቅም። ኔትወርኩ ሁለት ጊዜ እምቢ ብሎኝ በሦስተኛው እህቴ አነሣችው፤ ስመ ክርስትናዋን ጠየቅኋት።

"አታውቀውም?" አለችኝ።

"አላውቀውም።"

"ሊጥ አቡክታ ስትከድን ሁልጊዜ ትጠራው ነበር እኮ። እጇን ክዳኑ ላይ አድርጋ፣ 'አመትህን፣ አገልጋይህን እገሊትን አስባት' ትላለች። እኔ የሰማሁት ከዚያ ነው። አንተ ሳሎን ታጠና ነበር።"

ስሙን ነገረችኝ። አጭር ስም ነው፤ ለእናቴ ሲባል ሰምቼው ስለማላውቅ የሌላ ሴት መሰለኝ። ተመልሼ ለቄሱ በጆሯቸው ነገርኳቸው። እሳቸውም ዳቦው ላይ እጃቸውን አድርገው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጠሩት። እኔ ከኋላቸው ቆሜ፣ ሕዝቡ አሜን ሲል፣ ቀስ ብዬ ደገምኩት።