አንድ ስንዝር ያነሰ ጠረጴዛ

ሰውን ሁሉ ለክቶ ራሱን ሳይለካ የኖረ ሰው ቢኖር ቆራጩ ነው። በልብስ ስፌት ቤቱ ሃያ ሁለት ዓመት ቆሞ ጨርቅ ሲቆርጥ፣ የደንበኛው ግራ ትከሻ ከቀኙ በጣት ስፋት ዝቅ ማለቱን በዓይኑ ብቻ ይለይ ነበር፤ የሚቆርጥበት ጠረጴዛ ለቁመቱ አንድ ስንዝር ማነሱን ግን አንድም ቀን ልብ አላለውም። ጠረጴዛው የአባቱ ነበር። አባቱ አጭር ሰው ስለ ነበሩ በራሳቸው ወገብ ልክ አሠሩት። ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው ደግሞ ወደ እናታቸው ወገን ሄደው እንደ ሸምበቆ ተመዘዙ።

መቀሱንና ጠረጴዛውን ታላቅየው ወረሰ፤ ታናሽየው በስፌት መኪናው ላይ ተቀመጠ። አንድ ቀን ታናሽየው፣ «ጋሼ፣ ይህን ጠረጴዛ ትንሽ ከፍ ብናደርገው ወገብህ አያርፍም?» ቢለው፣ ቆራጩ መቀሱን አስቀመጠና ሦስት ደንበኞች እየሰሙ፣ «አባታችን የቆሙበትን አንተ ልታርመው ነው? መጀመሪያ ኪስ ቀጥ አድርገህ መስፋት ልመድ!» አለው። ደንበኞቹ ሳቁ። ታናሽየው አልሳቀም። ነገሩ እዚያው የተረሳ መሰለ፤ በሰው ፊት የተዋረደ ሰው ግን የሚረሳው ጥቂት ነው።

ሕመሙ እንደ እንግዳ መጥቶ እንደ ባለቤት ተቀመጠ። መጀመሪያ ከሥራ መልስ ብቻ ይጠዘጥዘው ነበር፤ ቀጥሎ ከአልጋ ሲነሣ፤ በመጨረሻም ማስነጠስ እንኳ የሚፈራው ነገር ሆነ። አንዱ ሐኪም ተኛ አለው፣ ሌላው አትተኛ አለው። ኪኒን ዋጠ፣ ቅባት ተቀባ፣ ሰፊ ቀበቶ ታጠቀ፣ ፍራሹን ትቶ በጣውላ ላይ አደረ። ጠዋት ጠዋት ሚስቱ ተንበርክካ የጫማውን ማሰሪያ ታስርለት ጀመር። የሰፈሩ ልጆችም አጎንብሶ ሲሄድ አይተው «የጥያቄ ምልክት» አሉት። ቆራጩ በመጨረሻ መቀሱን ለወንድሙ አስረከበና፣ «እስኪሻለኝ ያዝልኝ» ብሎ፣ በሩ አጠገብ ባለች ወንበር ላይ ተጣጥፎ ቁልፍ ይተክል ጀመር። ስድስት ዓመት እንዲህ ሆነ።

ስለ ዮጋ የሰማችው ሚስቱ ናት። ጡረታ የወጣች ነርስ በሰፈሩ ትምህርት ቤት አዳራሽ በሳምንት ሦስት ጠዋት ታስተምር ነበር።

«ቀርቶብኝ!» አላት። «በዚህ ዕድሜዬ መሬት ላይ ተንጋልዬ የሰፈር መሳቂያ ልሁን?»

«መሳቂያ ከሆንክማ ቆየህ» አለችው ማሰሪያውን ጠበቅ እያደረገች። «ይልቅ ለኔ ጉልበት እዘንለት።»

ሄደ። ነርሷ ቁጥብና ቆጣ ያለች ሴት ነበረች፤ ጀርባው እስኪቃና ድረስ ከስፌት ቤቱ ወንበር አስቀረችው። በእጁና በጉልበቱ አስቁማ፣ «እንደ ተቆጣች ድመት ጀርባህን ወደ ላይ አንሣ» ብትለው ጀርባው እንደ ተቆለፈ በር እምቢ አለ። ጥርሱን ነክሶ ሲታገል አይታ፣ «ወንድሜ፣ እዚህ እልህ አይሠራም፤ ተንፍስ» አለችው። በመጀመሪያው ወር ያተረፈው ላብ ብቻ ነበር። በሦስተኛው ሌሊቱን ሳይነቃ ተኛ። በአምስተኛው ወር አንድ ጠዋት ሚስቱ እንደ ልማዷ ልትንበረከክ ብትመጣ ጫማው ታስሮ አገኘችው፤ ወደ ማድቤት ገብታ አለቀሰች። ዓመት ከሁለት ወር ሲሞላው ጎንበስ ብሎ መዳፉን ወለል ላይ አሳረፈ።

በዚያ ቀን ነርሷ፣ «የምትቆርጥበት ጠረጴዛ እስከ የትህ ይደርሳል?» ብላ ጠየቀችው።

«እስከ ጭኔ።»

«እንዲህ ሆነህ ነው ሰው የምትለካው?»

ቆራጩ ጫማውን ማሰር ጀመረ።

«ከፍ ሳታስደርገው ከተመለስክ በዓመቱ እዚሁ ነህ። እኔ የማቃናው ጀርባ ነው፤ ግትርነት አይደለም።»

ሦስት ቀን አሰበበት። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ እንደገና ቆራጭ መባል። ለዚህ ግን ያን የጥንቱን ቃሉን መዋጥ ነበረበት። መንገድ ላይ ዓረፍተ ነገሩን ደጋግሞ አጠናው፦ «ያን ጊዜ አንተ ልክ ነበርክ፤ ይቅር በለኝ፤ ጠረጴዛውን ከፍ እናድርገው።»

ታናሽየው ሲያየው መቀሱን እንደ ያዘ ቆመ። «ጋሼ! ቀጥ ብለህ የለም እንዴ!»

ቆራጩ ለስድስት ዓመት ከበሩ ወንበር ሆኖ ብቻ ሲያየው ወደ ኖረው ጠረጴዛ ተጠግቶ ቆመ፤ መዳፉንም በጨርቁ ላይ አሳረፈ። ወገቡ አልጎበጠም፣ ትከሻው አልተሳበም። ጠረጴዛው ዳሌው ላይ ደረሰለት። ደስ አለው። «ነርሷ አጋንናለች፤ ጥፋቱ የጀርባዬ እንጂ የአባቴ ጠረጴዛ አልነበረም» አለ በልቡ። ያጠናትን ይቅርታም ዋጥ አደረጋት፤ ሰው ከልቡ ያልጸጸተውን ነገር ለማስተላለፍ ምክንያት አያጣምና።

ከቤት አንጠልጥሎት የመጣውን ሜትር ከአንገቱ ሊያወርድ ሲል አምልጦት ከጠረጴዛው ሥር ገባ። ቆራጩ ጎንበስ አለ፤ እንዴት ያለ ቀላል ነገር! ቁርጥራጭ እንዳይታይ ተብሎ እስከ ወለል የተንጠለጠለውን መጋረጃ ገለጥ አደረገ። በአራቱ የጠረጴዛ እግሮች ሥር አራት የእንጨት ጉማጆች ገብተዋል። ቁመታቸው አንድ ስንዝር ነው። የጠመኔ ብናኝና የክር ብጥስጣሽ አልብሷቸዋል፤ የትናንት አይደሉም።

እንደ ጎነበሰ ጥቂት ቆየ። ጀርባው ምንም አላለውም።

«እነዚህ መቼ ገቡ?»

«መቀሱን በሰጠኸኝ በሳምንቱ።»

«እኔ እዚያ በር ላይ ተጣጥፌ ቁልፍ ስተክል?»

«መጀመሪያ ልነግርህ ነበር» አለ ታናሽየው ቀና ሳይል። «አንድ ጊዜ ብነግርህ ግን ምን እንዳልከኝ ታውቀዋለህ። በሰው ፊት።»

«ለእሱ ነው?»

ታናሽየው መቀሱን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረው። «ለእሱም ነው። ደግሞስ ብነግርህ ይሻልህና ትመለስ ነበራ! እኔስ? ተመልሼ ኪስ ልሰፋ?»

ከሁለቱ አንዱ በአፉ፣ አንዱ በዝምታው በድሏል። ዝምታው ግን ከሰባት ዓመት በላይ አስቆጥሯል። ቆራጩ ያጠናት ይቅርታ ምላሱ ላይ ደረቀች።

«ቦታው ያንተ ነው ጋሼ፤ እንካ» አለ ታናሽየው መቀሱን ዘርግቶ።

ቆራጩ ተቀበለው። እጀታው በታናሽየው ጣቶች ልክ በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ አውራ ጣቱ አልገባ አለው። መቀሱን ጨርቁ ላይ አስቀምጦ ወጣ።

መንገድ ላይ ባለ ሱቁ ከባንኮኒው ማዶ ጮኸ፦ «ቆራጩ! እንኳን ማረህ! እንደ ጎረምሳ ቀጥ ብለህ የለም እንዴ!» እጁን አንሥቶ አመሰገነ።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ በሩ ላይ ጠበቀችው። «እሺ አለህ? ጠረጴዛውን ከፍ ሊያደርግልህ ነው?»

«ከፍ ብሏል» አላት።

«ተመስገን!» ብላ አጨበጨበች።

ቆራጩ የጫማውን ማሰሪያ ሊፈታ ጎንበስ አለ። ማሰሪያው ቶሎ ተፈታ፤ እርሱ ግን ቶሎ ቀና አላለም።