ከካርቦራቶሩ ፈትቼ ያወጣሁት ቾክ

ሞኝነቴን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት እኔው ልንገራችሁ። አርባ ስምንት ዓመቴ ላይ በአንድ ካቻቢቴና በአንድ የስልክ ቪዲዮ ራሴን መካኒክ አድርጌ ሾምኩ። ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው። ቢሮ አንዲት የማትረባ ወረቀት ለመጣል ኮሚቴ ካልተሰበሰበ የምል ሰው፣ እቤቴ ከሞተር ላይ ዕቃ ፈትቼ ስጥል ማንንም አላማከርኩም።

መኪናዬ ቮልስ ናት፣ በዕድሜ ትበልጠኛለች። እሷ ሞተሯን ከኋላ፣ እኔ ሆዴን ከፊት ተሸክመን ሶዶን ስንዞር ሰው ይስቅብናል።

ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ ሙቀት አገር ለሚኖር ሰው ቾክ አያስፈልግም ይላል። ቾክ ካርቦራቶሩ አፍ ላይ ያለች ስስ ክዳን ናት፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አየሩን ትዘጋና ቤንዚኑ እንዲበዛ ታደርጋለች። ጊዜው የካቲት ነው፣ ፀሐዩ አናቴን ይጠብሰኛል። ሙቀት አገር ያለው እኔን ነው ብዬ ክዳኗን፣ ስፕሪንጓን፣ የያዛትን ዘንግ ሁሉ ፈታሁና ቀዳዳውን በብሎን ደፈንኩት። ሞተሩ የሞቀ ስለነበር ወዲያው ተነሳ። ባለቤቴ መሬት ላይ የቀረውን ብረት አይታ ይሄ ሁሉ ከየት መጣ አለችኝ። ትርፍ ነው፣ የበረዶ አገር ሰዎች ዕቃ ነው አልኳት። ለቆራሌው ሰጥቼ አንድ የፕላስቲክ ጆግ ተቀበልኩበት። ያተረፍኩ መስሎኝ ነበር።

እስከ ሰኔ ድረስ ነዳጁን ረገጥ ረገጥ ሳደርግላት ትነሳ ነበር። ሐምሌ ላይ የዓይን ሐኪሞች ለሦስት ቀን ብቻ ሶዶ መጡ። እናቴን በቤታችን አዬ ነው የምንላት፣ ከሶዶ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚያስነዳው ገሱባ ነው የምትኖረው። ቀኝ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል። ግራውንም ሞራ እየሸፈነው፣ ቦሎቄ ስትለቅም ድንጋዩን በጣቷ ነው የምትፈልገው፣ እኔንም የምትለየኝ በሳሌ ነው። በመጀመሪያው ቀን አስመረመርኳትና ለመጨረሻው ቀን ጠዋት፣ ለሁለት ሰዓት ተኩል፣ የቀዶ ጥገና ተራ ሰጧት። ላሜን ጥዬ አላድርም ብላ ገሱባ ተመለሰች። በዕለቱ በሚኒባስ እመጣለሁ ስትለኝ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። መኪና እያለኝ እናቴ ተጨናንቃ ልትመጣ ነው? የማንም መኪና ውስጥ እንዳትገቢ፣ መንገድ ዳር ጠብቂኝ አልኳት። ጎረቤቶቿ እንዲሰሙ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

የዚያን ቀን ጠዋት የዳሞታ ተራራ ጉም ወርዶ ግቢያችንን ውጦታል። አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቁልፉን ሳዞር ማስነሻው ሞተሪኖ ይጮኻል፣ ሞተሩ ግን ወይ ፍንክች። ረገጥኩ። እንደገና ረገጥኩ። ቤንዚኑ አፍንጫዬን እስኪሰነፍጠኝ ድረስ ረገጥኩ። ካንዴላዎቹን ፈትቼ አደረቅኩ፣ መልሼ አሰርኩ፣ ባትሪው ደከመ። ባለቤቴ ገሱባ ላለው ወንድምህ ደውልለትና አዬ በሚኒባስ ትምጣ አለችኝ፣ ቀስ ብላ፣ ሁለት ጊዜ። አሁን ይነሳል አልኳት። እውነቱን ልናገር፣ አፍሬ ነው። ያ ሁሉ ጉራ በምን ፊት ይዋጣል? አንድ ሰዓት ላይ እሺ ብዬ ስደውል የወንድሜ ስልክ ዝግ ነው። አዬ ደግሞ የራሷ ስልክ የላትም።

ያኔ ነው ሰፈራችን ያለውን መካኒክ የጠራሁት። ጋቢውን እንደለበሰ መጥቶ ሞተሩን ከፈተና ቾኩ የት አለ አለኝ። አወጣሁት አልኩ።

«ለምን?»

ሙቀት አገር አይደለን እንዴ ልለው አፌን ስከፍት በብርዱ እንፋሎት ወጣልኝ።  እሱም ሳቁን ዋጠልኝ። የራሱን ባትሪ አምጥቶ በሽቦ አገናኘ፣ መዳፉን ካርቦራቶሩ አፍ ላይ ከድኖ በል አዙር አለኝ። ተነሳች። መዳፍ ነው የጎደላት ለካ። ሁለት ሰዓት ግን አልፏል።

በዚያ ጭቃና ጉድጓድ ገሱባ ስደርስ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። አዬ የእሁድ ነጠላዋን ለብሳ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላለች። የቀጠሮ ወረቀቷን በላስቲክ ጠቅልላ እንዳይረጥብ ብብቷ ውስጥ ይዛዋለች። አልተቆጣችኝም። ደህና ገባህ ወይ ብቻ አለችኝ።

ሆስፒታል ስንደርስ አምስት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ነርሷ ስሟን ሦስት ጊዜ ጠርታ ስታጣት ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጥታዋለች። ለመንኩ። መኪና ተበላሽቶብኝ ነው አልኩ፣ ማን እንዳበላሸው ሳልናገር። ነርሷ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ አዘነችልኝ። ሐኪሞቹ ከሰዓት ይሄዳሉ፣ መቼ እንደሚመለሱ እሷም አታውቅም። ስልክ አስመዝግቡ፣ ሲመጡ እንደውላለን አለች። የኔን አስመዘገብኩ።

ስመልሳት ልማዴ ነውና ቀልድ ጀመርኩ። ቆራሌው ዓይኔንም ቢወስደው ኖሮ ሌላ ጆግ ይሰጠኝ ነበር ምናምን አልኩ። ሌላ ጊዜ ለኔ ቀልድ የአዬን ያህል የሚስቅ ሰው የለም። አሁን ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ቤቷ በር ላይ ደግፌ ሳወርዳት ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

«ሦስት መኪና አለፈኝ» አለችኝ። «ሁሉም ቆመው ግቢ አሉኝ። ልጄ ይመጣል አልኳቸው። መኪናህ መታመሟን ብትነግረኝ ኖሮ በእግሬም ቢሆን እጀምር ነበር።»