ግዕዝ በስድስተኛው ክፍለ ጊዜ

ቆቦ ግዕዝ ለማስተማር በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን ርዕሰ መምህሩ ሁለት ጠመኔ ሰጡኝና «መጽሐፍ የለም፤ ስድስተኛው ክፍለ ጊዜ ያንተ ነው» አሉኝ። ቆርቆሮው የሚግልበት፣ ሌላው መምህር ሁሉ አልፈልግም ያለው ሰዓት ነው። ደወሉ ሲደወል «ተመስገን» አልኩ፤ ስላለቀልኝ።

መጽሐፍ ከሌለ የቀረኝ የአብነት ትምህርት ቤት ልማድ ነው፤ ማስቀጸል። ቀድሞ ያወቀው ተማሪ ለጀማሪው እያለ ያስብለዋል፤ መምህሩ ተቀምጦ ያዳምጣል፣ ሲሳሳቱ ያርማል። ልጆቹን ጥንድ ጥንድ አድርጌ በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ።

በዓመቱ አንድ ሱፐርቫይዘር መጡ። አሥር ደቂቃ ቆዩ፤ አምስቱን ላባቸውን ሲጠርጉ። ግዕዝ አንድ ቃል አያውቁም፤ ፎርም መሙላት ግን ተክነውበታል። «መምህሩ ይቀመጣል፤ ተማሪዎች ያስተምራሉ» ብለው ጻፉ። ርዕሰ መምህሩም ምን ቸገራቸው፣ «ክፍለ ጊዜው ለስፖርት ይሰጥ» አሉ። በዚያ ሙቀት ስፖርት! ደግነቱ ነገሩ ለወላጆች ስብሰባ መቅረብ ነበረበት።

ስብሰባው ላይ እህል ነጋዴው ሐጂ ሰይድ እጃቸውን አወጡ። ልጃቸው ዘሃራ ከክፍሉ አንደኛ ናት። እኔ ግን «ሙስሊም ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ምን ይሠራልናል ሊሉ ነው» ብዬ ደምድሜያለሁ። ሱፐርቫይዘሩን ስንቃቸው የከረምኩት ሰውዬ ለካ የራሴን ፎርም ሞልቼ ኖሯል።

«ቁርኣን ቤትም እኮ እንዲሁ ነው» አሉ ሐጂ። «የቀደመው የኋለኛውን ያስቀራል፣ እያነበበ ያስብለዋል፤ ሸኹ ቁጭ ብለው ይሰማሉ። ወላሂ፣ ዘሃራ ከአስር ሶላት መልስ፣ ወደ አመሻሽ፣ ሱቅ ተቀምጣ እኔንም በግዕዝ ታስቆጥረኛለች። ስሳሳት ‹አባ፣ ሰነፍ ነህ› ትለኛለች። እንግዲህ ይሄ ማስተማር ካልሆነ ምንድን ነው?»

ለስብሰባው የመጡት ሱፐርቫይዘር ወረቀታቸውን አገላበጡ። ርዕሰ መምህሩ «ለጊዜው ይቀጥል» አሉ። ለጊዜው የተባለው እስከ ጡረታዬ ቀጠለ፤ ሰዓቱ ያው ስድስተኛው፣ መጽሐፉም ሳይመጣ።

ከዚያ ቀን ወዲህ «ተመስገን» የምለው ስወጣ ሳይሆን ስገባ ሆነ። በየቀኑ እል ነበር፤ በሩ ላይ ቆሜ የልጆቹን ድምፅ ስሰማ። ሐጂንም አመስግኛቸዋለሁ፤ ምን አስቤባቸው እንደነበር ግን እስካሁን አልነገርኳቸውም።

ለአዲስ መምህራን የምለው አጭር ነው። ያስተማራችሁት ልጅ ሌላውን ሲያስተምር ካያችሁ ተቀመጡ። ሱፐርቫይዘር ቢመጣም አትነሱ።