ከባድ መሪ

ባሌ ሲሞት አንድ ጂፕ ትቶልኛል። እንዴት እንደሞተ እዚህ አልጽፍም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። በኩፖን በምቀዳው ቤንዚን ሆለታ ድረስ እየነዳሁ ድንች እያመጣሁ እሸጥ ነበር። ልጆቼ ያደጉት በዚያ ድንች ነው። ስለዚህ ቁልፉ ማን እጅ ነው የሚለው ለእኔ የእንጀራ ጉዳይ ነበር።

ለዋርሳዬ፣ ማለትም ለባሌ ታላቅ ወንድም፣ ጉዳዩ ሌላ ነው። የወንድሙን ጂፕ ሴት ይዛው ፒያሳ መሀል ስትታይ አንገቱን ያስደፋዋል። እንዲህ ብሎ ግን አልነገረኝም። ያለኝ፣ የሆለታ ጭቃ በትናንሽ ጎማ አይቻልም ነው። ክረምቱም እየገባ ስለነበር እሺ አልኩት።

ጎማዎቹን ከየት እንዳመጣቸው አልጠየቅሁም፤ ያኔ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም። የከባድ መኪና ጎማዎች ነበሩ። እንዲገቡለት ጂፑን ሰራተኛ ሰፈር ጎሚስታ ዘንድ ወስዶ አካሉን የሚሸከመው ባሌስትራ ላይ ብረት አስጨምሮ ከፍ አስደረገው። ይዞት ሲመጣ ጎረቤቴ ባለሱቁ በሩ ላይ ቆሞ ከታች እስከ ላይ አየውና፣ «እትዬ፣ ጂፑን ሾሙት እንዴ?» አለኝ።

ገብቼ መሪውን ብይዘው አልዞር አለኝ። ዋርሳዬ ከውጭ ሆኖ ያየኛል።

«ከበደሽ አይደል? እንግዲህ የወንድ መኪና ሆኗል» አለና ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተው።

ጭቃው ሰበብ እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። አልጮህኩም። ሽማግሌ ጠራሁ።

ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ከሰዓት መጡ። ዋርሳዬ፣ በዚህ መሪ ይህቺ ሴት አንድ ቀን ገደል ትገባና ልጆቹ ያለ እናት ይቀራሉ አላቸው። ልጆቹ ምን እንደሚበሉ አልተናገረም። ከዚያ ብቻውን ተነስቶ በጂፑ ምኒልክ አደባባይን ሁለት ጊዜ ዞሮ መጣ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ትልቁ፣ «ልጄ፣ እሱ ይንዳ፤ አንቺ ድንችሽን ሽጪ» አሉኝ።

ዋርሳዬ ደስ ስላለው ሽማግሌዎቹን ላድርሳቸው አለ። ያስታረቀ ሽማግሌ በእግሩ አይሄድም። አንዱ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ፣ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ተሳፈሩ። ለመውጫ የሚረግጡትን ዱካ ያቀረብኩላቸው እኔ ነኝ።

ሩቅ አልሄዱም። የእኛ መንገድ ዋናው አስፋልት ላይ ሲወጣ ወደ ጊዮርጊስ ለመሄድ በጣም ጠባብ የቀኝ መታጠፊያ አለው። ቅድም ወደ አደባባዩ ሲሄድም በዚሁ ታጥፏል፤ ግን ጂፑ ባዶ ስለነበር ጎማው ምንም አልነካም። አሁን ሦስት ሽማግሌ ጭኖ እስከ ጥጉ ሲያጥፈው ባሌስትራው ተጫነና ጎማው ጭቃ መከላከያው ፓራፋንጎ ሥር ገብቶ ተቀረቀረ። ዋርሳዬ መሪውን ይብስ ጎተተው። አውቶቡስ ከኋላ ክላክስ ያሰማል። ሽማግሌዎቹ ዱካ በሌለበት ቦታ እንደምንም ተንሸራተው ወረዱ።

ክላክሱን ሰምቼ ደረስኩ። ትልቁ ሽማግሌ ጋቢያቸውን እያራገፉ፣ «አንቺ ታወጪዋለሽ?» አሉኝ።

«እሱ ከወረደልኝ እሞክራለሁ» አልኳቸው።

የቆመ መኪና መሪ በጉልበት አይዞርም። ወደ ኋላ ትንሽ እያስኬድኩ ስጠመዝዘው ጎማው የፓራፋንጎውን ቀለም ልጦ ወጣ። ከዚያ ፊትና ኋላ እያልኩ፣ ላቤ እየወረደ፣ ግቢ አስገባሁት። ሽማግሌው ዋርሳዬን ቁልፉን ስጣት አሉት። ቁልፉ መኪናው ላይ ነበር። ነቅዬ ጡቴ ሥር ከተትኩት።

ጎሚስታው የፓራፋንጎውን ጠርዝ ቆርጦ ጣለልኝ፤ እኔም ድንቼን ማመላለሴን ቀጠልኩ። ያን ክረምት ሙሉ ክንዴ ስለማይነሳልኝ ፀጉሬን የምታበጥርልኝ ልጄ ነበረች። ዋርሳዬ ባገኘኝ ቁጥር መሪው እንዴት ነው ይለኛል።

«ለስላሳ ነው» እለዋለሁ።