በጋራዡ ግድግዳ ላይ የነበሩት ታርጋዎች

አቸቶ ከዛገ ብረት ጋር ሲገናኝ የሚያወጣው ሽታ ዛሬም ድንገት ሲመጣብኝ፣ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ሴይንት ፖል የነበረው የመጀመሪያ ቤታችን ጋራዥ ፊቴ ድቅን ይላል፤ አባቴ ከሥራ ገብቶ ጃኬቱን ሳያወልቅ አሮጌ የመኪና ታርጋ ጭኑ ላይ አስቀምጦ በጨርቅ ይፈትግ ነበር፣ መሀል ላይ እንቅልፍ ሸለብ ያደርገውና ጨርቁ ከእጁ ሲወድቅ ብንን ብሎ እንደገና ይፈትግ ነበር።

ቤቱን የገዛነው ሰመር ላይ ነው። የቤቱ የቀድሞ ባለቤት የነበሩት ሽማግሌ ሞተው፣ ቤቱ ከነዕቃው ለእኛ ሲተላለፍ፣ የጋራዡ አንድ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሚኒሶታ ታርጋዎች ተሸፍኖ አገኘነው። እናቴ አየችና «ይሄን ሁሉ ቆርቆሮ ማን ነው አውጥቶ የሚጥለው?» አለች። አባቴ ግን አንዱን አውርዶ ያገላብጥ ነበር። እሱ ሚኒያፖሊስ ውስጥ አንድ ሆስፒታል ፓርኪንግ ውስጥ ይሠራ ስለነበር ቀኑን ሙሉ የሚያየው ታርጋ ነው፤ እንዲህ ያለውን ግን አይቶ አያውቅም።

እናቴ ሻኮፒ በምትባል ከተማ፣ ዌርሀውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ናይት ሺፍት፣ ሌሊት ሌሊት ትሠራ ነበር። መኪናችን አንድ ብቻ ስለነበረች እሷ ጠዋት ስትመለስ አባቴ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃትና፣ ሞተሩ ሳይጠፋ እሷ ወርዳ እሱ ይገባ ነበር። ማታ ደግሞ እሱ ሲመጣ እሷ ትወጣለች። በሁለቱ መካከል የሚባለው ነገር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር፤ «ናቲ ትኩሳት አለው»፣ «ቤንዚን ጨምሪበት»፣ «የመብራት ቢል መጥቷል»። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ናቲ፣ ታናሽ ወንድሜ፣ አምስት ነበር። ባልና ሚስት የሚነጋገሩት በዚህ ዓይነት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር አባቴ ከላይብረሪ ስለ ሚኒሶታ የድሮ ታርጋዎች የሚያወራ መጽሐፍ ተውሶ መጣ። እኔ በእንግሊዝኛ ሳነብለት በጣቱ ግድግዳው ላይ ወዳሉት እያመለከተ ይሰማኝ ነበር። በመጀመሪያው ጊዜ መንግሥት የሚሰጠው ቁጥሩን ብቻ ነበር፤ ታርጋውን ባለመኪናው ራሱ ከቆዳ፣ ከእንጨት፣ ካገኘው ነገር ይሠራ ነበርና የአንዱ የሌላውን አይመስልም። ኋላ መንግሥት ራሱ ማተም ጀመረ። አንዱ ታርጋ ለሦስት ዓመት ያገለገለበት ጊዜም ነበር። ከዚያ በየዓመቱ ቀለሙን ይቀያይሩት ጀመር፣ ፖሊስ ያላሳደሰውን ሰው ከሩቅ እንዲለየው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብረት ጠፍቶ በአሮጌው ታርጋ ላይ ትንሽ ቁራጭ ብቻ ይለጥፉ ነበር። ግድግዳው ጥግ ላይ ከሁሉም የቀደመው ተሰቅሎ ነበር፤ ከጠቆረ ቆዳ የተቆረጠ፣ የናስ ቁጥሮች የተመቱበት።

ክረምቱን፣ በረዶው የጋራዡን በር ገፍቶ በሚያድርበት ወቅት፣ አባቴ ያነበብኩለትን ለእናቴ ይነግራት ጀመር። መኪናዋን ሲቀበላት «ሂሩት፣ ያቺን ቢጫዋን ታያታለሽ?» ይላታል። እሷ ዓይኗ ከእንቅልፍ ማጣት ቀልቶ፣ ጓንቷን ሳታወልቅ፣ «ጌታቸው፣ እግሬ አልቋል፤ ስለ ቆርቆሮ ነው የምታወራኝ?» ትለው ነበር። እሱም አንድ ነገር ብሎ ሳይጨርስ ይሄዳል። በወጥ ቤቱ መስኮት አያቸው ነበር። እናቴ መኪናዋ ከሄደች በኋላ ወዲያው ወደ ቤት አትገባም ነበር፤ ለምን ብርድ ላይ፣ ታርጋዎቹ ፊት እንደምትቆም አይገባኝም ነበር።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ማርጋሬት የሚባሉ ነጭ አሮጊት በራችንን አንኳኩ። ቤቱ የነበራቸው የሟቹ ሽማግሌ ልጅ ነኝ አሉ። ወንድማቸው ቤቱን ሲሸጥ ታርጋዎቹን እንዳላወረደ የሰሙት ዘግይተው ነበር። የቆዳው ታርጋ የአያታቸው ሥራ ነው፤ መኪና በገዙበት ሳምንት ፈረሳቸውን ሸጠው፣ ከልጓሙ ቆዳ ቆርጠው ሠሩት። «በሕግ የእናንተ ነው፣ አውቃለሁ፤ ልለምናችሁ ነው የመጣሁት» አሉ። እኔ አስተረጎምኩ።

እናቴ ከሥራ ገብታ ገና ጫማዋን አላወለቀችም ነበር። ክረምቱን ሙሉ ቆርቆሮ ስትለው ስለከረመች፣ ይውሰዱት ብላ የምትገላገል መስሎኝ ነበር። «ባለቤቴ ሳይኖር አልሰጥም በያት» አለችኝ። ከዚያ ሻይ አቀረበችላቸውና፣ መተኛቱን ትታ፣ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ብቻ የሚሠራው አባቴ እስኪመጣ አብራቸው ተቀመጠች።

አባቴ መጣ፣ ሰማ፣ መፍቻውን አነሳና ሁሉንም አወረደ። ማርጋሬት አንዱ ይቅርልህ ቢሉት «አንድ ላይ ቢሆኑ ይሻላል» አለ። የቆዳውን በራሱ ሻርፕ ጠቅልሎ ሰጣቸው። እሳቸው ሲያለቅሱ እሱ ወደ መሬት ያይ ነበር። እናቴ ገብታ ተኛች።

ሰኞ ጠዋት ሞተሩ እየሠራ ጋራዡ ውስጥ ቆመው አየኋቸው። መስኮቱን ከፍቼው ስለነበር የእናቴ ድምፅ ተሰማኝ፤ አልጮኸችም።

«ዛሬ ምን ልትነግረኝ ነው?» አለችው።

«ቆርቆሮ ነው ስትዪ አልነበር?»

«ስል ነበር። ሌሊቱን ግን የምገፋው ጠዋት የትኛውን ያሳየኝ ይሆን እያልኩ ነው። ሰጠኸው፣ ጥሩ አደረግህ። እኔን ግን አልጠየቅኸኝም።»

አባቴ እጁን በመኪናው መስኮት ሰዶ ሞተሩን አጠፋው። ይህን ከዚያ በፊት አድርጎ አያውቅም። ሁለቱም መኪናው ውስጥ ገብተው በሩን ዘጉ፤ ምን እንደተነጋገሩ አላውቅም። ናቲን ራሴ አልብሼ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ላይ ወጣን፣ እነሱ እዚያው ነበሩ። አባቴ አርፍዶ ገብቶ ከአለቃው ማስጠንቀቂያ ተቀበለ። ከዚያ በኋላ ግን ማልዶ እየተነሣ እሷ እስክትመጣ ይጠብቃትና፣ ትንሽ አብረው ሳይቀመጡ አይለያዩም ነበር። ድካማቸው አልቀነሰም፤ እናቴ ዴይ ሺፍት፣ የቀን ሥራ ያገኘችው ከዓመታት በኋላ ነው።

አሁን እኔና ባለቤቴ የምንኖረው እዚያው ሚኒሶታ፣ ብሩክሊን ፓርክ ነው። ሁለታችንም ሆስፒታል እንሠራለን፤ ሰዓታችን አይገጥምም። ሁለት መኪና አለን፣ ጋራዡ ይሞቃል፣ በሩ ቁልፍ ሲጫኑ ይከፈታል፣ የምንባባለውን በስልክ እንጽፋለን፤ «ልጁን አንተ አምጣው»፣ «እሺ»። ከእናቴና ከአባቴ የበለጠ ደክሞናል ለማለት አልደፍርም።

ባለፈው ሐሙስ የጋራዡ በር ሲከፈት ሰማሁና በነጠላ ጫማ ወረድኩ። የምለው የተለየ ነገር አልነበረኝም፤ እንደ እናቴና አባቴ ትንሽ አብሬው ልቀመጥ ብዬ ነው። ባለቤቴ መኪናውን ወደ ኋላ እየነዳ እየወጣ ነበር፤ ቆሻሻ ለመጣል የወጣሁ መስሎት እጁን አውለብልቦልኝ ሄደ።